ለሙዚቃ ብቻ የሚቆም ምሰሶ

ባለቤቴ ኢሳኦ ሴጋዋ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህች በወንዝ አፍ ላይ ባለች ከተማ የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። ከተማው ውስጥ እሱ ያልገባበት ኮርኒስ የለም። የማን ጣሪያ አይጥ እንደሚያስተናግድ፣ ማን ከሚስቱ ደብቆ የት ጠርሙስ እንዳስቀመጠ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ትንፍሽ አይልም። ይሄ ከጨዋነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ወሬ አይሆንለትም። እኔ ለሁለታችን ስለማወራ ነው ቤታችን ሰው ያለበት የሚመስለው።

ያገባኝም በአምስት ቃል ነው። የአባቴ የደረቅ ዓሣ መሸጫ መብራቱ እየጠፋ ስላስቸገረ ተጠርቶ መጣና የአንድ ቀን ሥራ አራት ቀን ፈጀበት። በአራተኛው ቀን አባቴ ትዕግሥቱ አልቆ፣ "ልጄ፣ ይሄን መብራት ምን ነካው?" ቢለው፣ የመብራት መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አየት አድርጎ "መብራቱ ደህና ነው። እኔ ነኝ" አለ። አባቴ መጀመሪያ አልገባውም። ወደ እኔ ዞሮ ፊቴ እንደ ቲማቲም መቅላቱን ሲያይ ገባው።

በሥራው አንድ ሕግ አለው፤ በመለኪያ ያላየውን ነገር ደህና ነው አይልም። የሠራሁትን ሾርባ እንኳ "እንዴት ነው?" ስትሉት ትንሽ ያስባል። እኔን በዚህ ያላናደደኝ ቀን የለም። ሰው ሾርባ እየበላ ምን ያስባል?

ጓደኛ ብሎ የያዘው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ ቶኩጂ ኖዛኪ። አንደኛ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሲያወራ አንዱ ዝም ሲል፣ ይኸው ሁለቱም ሰባ ሊሞላቸው ነው። ኖዛኪ ቀልደኛ ነው። ቀልዱን ጨርሶ ደንበኛው ስቆ እስኪያበቃ ምላጩን ወደ ላይ ይዞ ይጠብቃል። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሴት ልጁም ሩቅ ከተማ፣ ናጎያ፣ አግብታ ሄዳለች። ፀጉር ቤት ሰኞ ስለሚዘጋ ኢሳኦም ሰኞ ከሰዓት ሥራ አይዝም፤ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል የሙዚቃ ሸክላ ሊሰማ ይሄዳል። ይሰማል ማለቴ፣ ኖዛኪ ይሰማል። የኔው ሰው ለስላሳው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል።

ያቺን ክፍል ብታዩዋት! ስፒከሮቹ ከእኔ ይረዝማሉ። የሸክላው ክብደት ወለሉን ስላጎበጠው ኢሳኦ ከሥር ድጋፍ ሠርቶለታል። ሽቦውን፣ ሶኬቱን፣ የመብራት ሳጥኑን፣ ሁሉንም የዘረጋው እሱ ነው። ነገሩ የጀመረው ግን በገመድ ነው። ኖዛኪ አንድ ቀን ከትልቁ ከተማ ውስጡ ቀይ ከፋይ የለበሰ ሣጥን ይዞ መጣ። ሲከፈት፣ የእጅ አንጓ የሚያክል ሰማያዊ ገመድ፣ ስፒናው የወርቅ ቅብ። የድምፅ ማጉያውን ከግድግዳው ሶኬት የሚያገናኝ ገመድ ነው፤ ሌላ ምንም ሥራ የለውም። ዋጋውን ስሰማ ወንበር ፈለግሁ። አሮጌ መኪና ይገዛል።

ኢሳኦ አሮጌውን ገመድ ለካ፣ ከዚያ አዲሱን ለካ።

"እኩል ነው" አለ።

"ቴስተርህ ጆሮ አለው?" አለው ኖዛኪ።

"የለውም።"

"በል እንግዲያው አፉንም ይዝጋ።"

ያን ቀን ኢሳኦ የዓመት ቃሉን ጨረሰ። "ስማ ቶኩ፣ ይሄ መብራት ከተራራው ግድብ ተነስቶ አንተ ቤት እስኪደርስ መቶ ኪሎሜትር ሽቦ ላይ መጥቷል። ቁራ አርፎበታል፣ ዝናብ ወርዶበታል። ግድግዳህ ውስጥ ደግሞ እኔ የዘረጋሁት ተራ ሽቦ አለ። ያንተ ወርቅ የመጨረሻዋ ሜትር ተኩል ናት። እሷ ምን ልትፈይድ ነው?"

"ፀጉር የሚያስተካክለው ማነው፣ አንተ ነህ እኔ? ምላጭ ድንጋይ ላይ ስስል እውላለሁ። ሳልቆርጥህ የሚያስላጨኝ ግን መጨረሻ ላይ በመሳያው ቆዳ ላይ አሥር ጊዜ የማሸው ነው። ፊትህን የምትነካው የመጨረሻዋ ናት፣ ወንድሜ!"

ኢሳኦ ቤት መጥቶ ጫማውን እያወለቀ "ለምላጭ እንኳን እውነቱን ነው" አለኝ።

በወር አንዴ ሌሎች የሸክላ ወዳጆችም ይሰበሰባሉ፤ ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም ኦባታ፣ ቶፉ ሻጩና ሌሎች ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች። የተጋበዘ ሰው ሻዩን ከመጠጣቱ በፊት ስለ ድምፁ አንድ ቃል መናገር አለበት። "አየሩ ተገለጠ" ይላል አንዱ። "ዘፋኟ ሁለት እርምጃ ወደ እኛ ቀረበች" ይላል ሌላው። "ምንም አልተለወጠም" ማለት አይታሰብም፤ የሰው ሾርባ ውስጥ እንደ መትፋት ነው። የአገራችን መብራት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ይመላለሳል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ስድሳ ጊዜ። ከማኅበሩ አንዱ "የማዶው ድምፅ ያበራል" ብሎ ቤቱን ሸጦ ወንዙን ተሻገረ። ሚስቱ እስከ ዛሬ ዓሣ የምትገዛው ወዲህ ተመልሳ ነው።

እውነት ለመናገር ኢሳኦም አንድ ጊዜ ተረትቷል። ክፍሉ ውስጥ የሆነ ማጉረምረም አለ ተብሎ ሲፈትሽ፣ አንድ ሶኬት ውስጥ ብሎኑ ላልቶ አገኘ። በካቻቢቴ አጠበቀው፤ ማጉረምረሙ ጠፋ። "የላላ ብሎን ድምፅ አለው" አለ ያኔ። "ወርቅ ግን የለውም።"

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው ሻይ ቅጠል ሲለቀም ኖዛኪ ማማረር ጀመረ።

"ኢሳ፣ ሙዚቃው ከወረቀት በር ጀርባ ገብቶብኛል።"

ኢሳኦ ሦስት ሰኞ ሙሉ ፈተሸ። ብሎኑን ሁሉ አጠበቀ፣ ሶኬቱን ሁሉ ቀየረ፣ ከሳጥኑ እስከ ማጉያው በመለኪያ ሄደበት። ምንም የለም። ኖዛኪ ጎረቤት ጣሪያው ላይ ባስተከለው የፀሐይ መብራት አሳበበ። ቀጥሎ በኦባታ ልጅ የጥርስ ማሽን አሳበበ። ሁለተኛ ገመድ ገዛ፣ ሦስተኛ ገዛ። አዲስ ገመድ በመጣ ቁጥር ለአንድ ሳምንት "አሁን ተከፈተ!" ይላል፤ በሁለተኛው ሳምንት በሩ ተመልሶ ይዘጋል።

በክረምቱ ዝናብ መሃል አንድ ሰኞ ወሰነ።

"ውሃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ" አለ። "ያቆሸሸው ከጎረቤት ጋር የምጋራው መብራት ነው። የራሴን የመብራት ምሰሶ አቆማለሁ፤ ትራንስፎርመሩ የራሴ፣ ለዚህች ክፍል ብቻ። የምታቆምልኝ ደግሞ አንተ ነህ።"

በአገራችን እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። በመጽሔት ላይ ከምሰሷቸው ጎን ቆመው የተነሡትን ፎቶ አይቻለሁ፤ ልጁን የዳረ አባት ነው የሚመስሉት። ኢሳኦ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ኩራቱን ሊደብቅ ቢሞክርም የምሰሶ ሥዕል በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሲሞነጫጭር አየሁት። እኔማ ደስ አለኝ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ቀባጣሪ ጓደኛውም ይደሰታል፤ ማን ይጎዳል?

መስከረም ላይ ኢሳኦ የምሰሶውን ቦታ ሊለካ ሄደ። ኖዛኪ በየዓመቱ በፀጉር ቤቱ መስኮት ላይ ጥቋቁር ፌንጣዎች በሣጥን ያረባል፤ ክንፋቸውን ሲያሹ እንደ ትንሽ ቃጭል የሚጮኹትን። እንቁላላቸውን ከዓመት ዓመት ያሻግራል፣ ለደንበኛም ያድላል። ያን ቀን አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ነበር። ኖዛኪ ሣጥኑን በመቀሱ ጠቁሞ፣

"ዘንድሮ ዘራቸው ተበላሽቷል መሰለኝ። ይሄው ሁለት ሳምንት፣ አንድም አልዘፈነ። ሣር ላይ ልበትናቸው ነው" አለ።

ኢሳኦ ቆሞ ቀረ። ፌንጣዎቹ ይጮኹ ነበር። ቤቱን ሞልተውት ነበር፤ ከዚያ ጩኸት የተነሳ የኖዛኪን ንግግር እንኳ ለመስማት ጆሮውን ማቅናት ነበረበት። መስታወቱ ውስጥ ከደንበኛው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ደንበኛው ዓይኑን ወደ ጉልበቱ መለሰ። ለካ ሰው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ከተማው በሙሉ "ኖዛኪ ጆሮው ደከመ" ሲል የከረመውን ያልሰማነው ኖዛኪ፣ የኔው ዝምተኛና እኔ ብቻ ነን። በቤቱ "ኧረ ቲቪውን ቀንስ!" የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ቀድሞ ይነቃ ነበር።

ኢሳኦ ቤት ገብቶ ሩዙን ሳይነካ ይህን ሁሉ ነገረኝ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

"ከነገርኩት አጣዋለሁ" አለ። "ካልነገርኩት ደግሞ ለማይሰማ ሰው ምሰሶ ላቆም ነው።"

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። እኔ "ዝም በል" አልኩት። "ሆድ ይፍጀው። ሰውየው በዚህ ነው የሚኖረው። ምሰሶው ይቁምለት፣ አንድ ሁለት ዓመት ይደሰት። አንተን ማን ዳኛ አደረገህ?"

"ስሠራ ደህና ነው ማለት አለብኝ" አለ። "መጨረሻ ላይ 'አሁን ደህና ነው' ብዬ ቁልፉን አስረክበዋለሁ። እንዴት አድርጌ?"

"በአፍህ ነዋ!"

ያልነካውን ሩዝ ወደ እኔ ገፋው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ሳህኑን አነሳሁ። አሁን ሳስበው ያን ቀን ከእኔ የፈለገው ምክር አልነበረም፤ እንዴት ብሎ እንደሚናገር እንዳሳየው ነበር። ቃል የማላጣው ሰው እኔ ነኝ እኮ።

ከዚያ ማምለጥ ጀመረ። አንዴ የመብራት ኃይል ወረቀት አልደረሰም ይላል፣ አንዴ አፈሩ ረጥቧል፣ አንዴ የኮንክሪት ምሰሶው በዚያ መጠን ጠፍቷል። ኖዛኪ በቀን ሁለት ጊዜ ይደውላል። እኔ ስልኩን አንስቼ ስናገር "ምን አሉኝ፣ ሱሚኤ ሳን? ስልክዎ ተበላሽቷል መሰለኝ" ይለኛል። ስልካችን አልተበላሸም።

በመጨረሻ ኖዛኪ ራሱ ቀን ቆረጠ። ሰው ቤት ሊሠራ ሲል ለመሬቱ መንፈስ ጸሎት እንደሚያስደርሰው፣ እሱ ለምሰሶው የመቅደሱን ካህን አስጠራ። ከጓሮው ጥግ አራት እርጥብ ቀርከሃ ተተክሎ ገመድ ተወጠረ፤ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሩዝ፣ ጨው፣ አንድ ዓሣና የሩዝ መጠጥ ቀረበ። የማኅበሩ ሰዎች ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ተሰለፉ። ካህኑ መኪናም ጉድጓድም የባረኩ ሰው ናቸው፤ ይሄ ግን ግራ አጋባቸው።

"ምን ብዬ ልለምን?" ሲሉ ኖዛኪን ጠየቁት።

"ንጹሕ መብራት ይምጣ በሉልኝ" አለ ኖዛኪ። ኦባታ በመሐረቡ አፉን ሸፈነ።

ጸሎቱ አለቀ። የወረቀት ዘለላ ያለበት የካህኑ ቅርንጫፍ ሊያነጻን በራሳችን ላይ ተወዛወዘ። ቀጥሎ ሠራተኛው፣ ማለት ኢሳኦ፣ ለዚሁ በተከመረው አሸዋ ላይ በአዲሱ የእንጨት ዶማ ሦስት ጊዜ ይመታል። ይህን ካደረገ በመሬቱ መንፈስ ፊት ሥራውን ተቀብሏል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ የለም። ኢሳኦ ዶማውን ተቀበለ። አሸዋው ፊት ቆመ። አልመታም። እኔ ከኋላ ሆኜ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባኝ፤ "አሁን አይደለም፣ እዚህ አይደለም" ብዬ ልጮህ ስል ቀደመኝ።

ወደ ኖዛኪ ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ "ቶኩ፣ መብራትህ ደህና ነው" አለ።

"ምን?"

"መብራትህ ደህና ነው። ጆሮህ ነው።"

"ምንድን ነው የምታንሾካሹከው? ጮክ በል፣ ካህኑ እየጠበቁ ነው።"

ሦስተኛም ሞከረ። ኖዛኪ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፤ እየሳቀ ነበር። ያኔ የኔ ዝምተኛ በሕይወቱ ጮኾ በማያውቅበት ድምፅ ጮኸ።

"ጆሮህ ነው፣ ቶኩ! ጆሮህ አይሰማም!"

ከአጥሩ ማዶ ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ጎረቤት እጇ አየር ላይ ቀረ። ኦባታ ጫማውን ማየት ጀመረ። ካህኑ ቅርንጫፋቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመልሰው የለም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው በሰው ፊት አይነገርም፤ ጠላትም አያደርገው። አንድ ቃል ለመናገር ወር የሚያስብ ሰው ክፉውን ሰዓት መርጦ ተናገረ።

ኖዛኪ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ዶማውን ከኢሳኦ እጅ ቀስ ብሎ ወስዶ ቀርከሃው ላይ አስደገፈው። ለካህኑ ጎንበስ ብሎ ስላደከማቸው ይቅርታ ጠየቀ። እንደ ሥርዓቱ መጠጡን ለእያንዳንዱ ቀዳ። ኢሳኦ ጋ ሲደርስ ጽዋውን በሁለት እጁ አቀረበና፣

"ሴጋዋ ሳን፣ ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ" አለው።

"ሳን" እንደ "አቶ" ያለ የአክብሮት ቃል ነው፤ ይሄ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ "ኢሳ" እና "አንተ" ሲል የኖረ ሰው ነው። ኢሳኦ ጽዋውን ይዞ እስከ ቤታችን መጣ፤ እንዳልመለሰው እንኳ ያስተዋለው በራችን ላይ ነው።

ያ መኸር ረጅም ነበር። ሰኞ ከሰዓት ሲሆን ኢሳኦ ዕቃ ቤት ገብቶ ብሎን በመጠን በመጠኑ ይለያል። የተለየውን መልሶ ቀላቅሎ እንደገና ይለያል። ፀጉሩ አደገ። ከልጅነቱ ጀምሮ የቆረጡት የኖዛኪ አባትና ኖዛኪ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ፀጉር ቤት መግባት ለእሱ ሌላ ሴት ቤት እንደ መግባት ነው። "ና እኔ ልቁረጥልህ" ብለው እምቢ አለ። ጆሮውን ሸፍኖ አንገቱ ላይ ሲወርድ፣ "ደንበኞችህ ምን ይሉ ይሆን! መብራት ሠሪ ጠርተው መጥረጊያ መጣባቸው" እያልኩ እስቅበት ነበር። ውስጤ ግን አልሳቀም። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህም እናደድ ነበር፣ በእሱም በራሴም።

በእኛ አገር አዲስ ዓመት በብርዱ መሃል ነው፤ ሰው ባደገ ፀጉር አይገባበትም። የዓመቱ ማብቂያ ሁለት ቀን ሲቀረው ኢሳኦ ከቁርስ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄ፣ ለበዓል የሠራሁትን የሩዝ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልዬ ተከተልኩ። ሰበብ ነው፣ አዎ።

ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። ኢሳኦ ከወረፋው ዳር እንደ ማንም ተቀምጧል። እኔ ቂጣውን አስረክቤ "ትንሽ ልሙቅ" ብዬ ምድጃው አጠገብ ቆምኩ። ኖዛኪ ጮክ ብሎ "ቀጣይ!" አለ፤ ኢሳኦ ተነሳ። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት።

"እንዴት ላድርግልዎ?"

"እንደ ሁልጊዜው።"

"ሁልጊዜ እንዴት ነበር? ረስቻለሁ።"

ወረፋ የያዙት ሁሉ ፊታቸውን በጋዜጣ ሸፈኑ። መቀሱ ሥራውን ጀመረ፤ ወለሉ ላይ የወደቀው ፀጉር ትራስ ይሞላል። ከዚያ ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘረጋ፣ ፊቱ በአረፋ ተሸፈነ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ ኖዛኪ ጎንበስ አለና፣

"በሰው ፊት ተናገርክብኝ" አለው።

ኢሳኦ አፉን ሊከፍት ሲል፣ "ትንፍሽ እንዳትል፣ እቆርጥሃለሁ" አለ። ምላጩን ወደ ላይ ሳበው። "ለብቻዬ ልትነግረኝ ትችል ነበር።" አንዴ ደግሞ ሳበው። "ለብቻዬ ብትነግረኝ ግን አላምንህም ነበር። ገመድ ቀይር እልህ ነበር።"

ምላጩን ጨርቅ ላይ ጠረገ።

"የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወረቀት ላይ መስመር አወጣልኝ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣ ይመጣና ገደል ይገባል። ቀጭን ድምፅ ሁሉ ገደሉ ውስጥ ነው።" ምላጩን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ዞረ። "ፌንጣዎቹ ይዘፍኑ ነበር አይደል?"

"ይጮኹ ነበር" አለ ኢሳኦ በአረፋው ውስጥ።

"አንተ ከብት" አለው ኖዛኪ። "ሰኞ ና።"

እኔ እንባዬ መጣ። ምድጃው ጭስ አለው ብዬ ወጣሁ።

ከበዓሉ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ እኔም ተጠራሁ። በዚያች ክፍል ለሙዚቃ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። የሰማያዊው ገመድ ቦታ ላይ ተራ ጥቁር ገመድ ተሰክቷል። የወርቁን ለኦባታ ሰጥቶታል አሉ፤ ኦባታም "አየሩ ተገለጠ" ብሏል። ኖዛኪ ጆሮው ውስጥ ሐኪሙ የሰጠው ትንሽ የመስሚያ መርጃ ነበረበት። ሸክላውን ከማስነሳቱ በፊት አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

"ለወሬ ጥሩ ነው፤ ሙዚቃውን ግን ቆርቆሮ ያደርግብኛል" አለ። "ስሙኝ። ይሄን ሸክላ አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። መካከል ላይ አንድ ሰው ከሁሉም ጀርባ ቆሞ ቀጭን ብረት ይመታል፤ ቃጭል ነገር። እሱን አልሰማውም፤ ግን የት የት እንደሚመታ አስታውሳለሁ። ትዝታዬ ልክ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው። ኢሳ፣ ስትሰማው ጣትህን አንሳ። መናገር አይጠበቅብህም፣ አትፍራ።"

ሸክላው ዞረ። ኢሳኦ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቃጭሉ ሲመታ ጣቱ ተነሳ። ኖዛኪ ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ መታ፣ ደግሞ ተነሳ። ኖዛኪ ከስፒከሮቹ ዞሮ የኢሳኦን ጣት ብቻ ይመለከት ነበር፤ ከንፈሩ ቀድሞ ይቆጥራል፣ ጣቷም እሱ በቆጠረበት ትነሳለች። ሁለት ሽማግሌዎች እንዲህ ሲደሰቱ አይቼ አላውቅም።

ሙዚቃው ሊያልቅ አካባቢ ሁሉም ነገር ዝግ አለ። ኖዛኪ ተጠባበቀ። የኢሳኦ ጣት አልተነሳችም።

ኖዛኪ መርፌውን አነሳው። "እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ነበረ" አለ። "አልነበረም እንዴ?"

"ለእኔ አልነበረም" አለ ኢሳኦ።

"እንግዲያው ትዝታዬ ተሳስቷል" አለ ኖዛኪ። ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ከዚያ ሁለቱም ሳያስቡት ወደ እኔ ዞሩ።

ሰምቼዋለሁ። በጣም ቀጭን ነበር፣ ከሩቅ የሚመጣ፤ ሁለት ጊዜ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ኢሳኦም ጆሮው ሙሉ ሆኖለት ቤቱ ይገባል። "አልሰማሁም" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ፤ እውነቱን ነው የምላችሁ።

"ነበረ" አልኩ። "ሁለት ጊዜ።"

ኢሳኦ አየኝ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ፍርሃት ፊቱ ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ጆሮውን ነካ፤ እንደሚፈትሽ ዕቃ ቀስ ብሎ ነካው። ኖዛኪ ይቀልድበታል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀለደም።

"ሐኪሙ ማክሰኞ ነው የሚገባው" አለ። "ነገ ሱቁን ዘግቼ አብሬህ እሄዳለሁ። ብቻህን አትሄድም።"

"እሺ" አለ ኢሳኦ።

"አሁን ጣት የሚያነሱት ሱሚኤ ሳን ናቸው።"

መርፌውን ወደ ኋላ መለሰው። ሁለቱም ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው እጄን እያዩ ተቀመጡ፤ ቃጭሉ ሲመታ ጣቴን አነሳሁ።